የሚሞላ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደብረ ማርቆስ ፖስታ ቤት
ቀን በማኅተም ስመታ፣ በሰው ደብዳቤ አንገት፣
የመጀመሪያዋን ሮመር ያመጣት ጤፍ ነጋዴ ነው፣
የቢቸናው አቶ እንየው።
«ብድሬን እስክከፍልህ እጅህ ላይ ትዋል» አለኝ፤
ብድሩን ረሳው መሰል፣ ወይ እኔን ረሳኝ።
ውላ አደረች። አድራ ከረመች።
ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ሁለተኛ ገዛሁ፤
ሁለት ለጠብ ነው ብዬ ሦስተኛ ጨመርሁ።

ከዚያ ወዲያማ ምኑን ልቁጠር፦
ሲቲዝን ከሉማሜ፣ ኦሪየንት ከደጀን በር፣
ሴይኮ ፋይቭ ከሹፌር፣ ጎማ ከፈነዳበት፣
የወርቅ ቅቡን ከሙሽራ፣ ሠርጉ ዕዳ ከሆነበት፤
አንዷን በወጠጤ ፍየል፣ አንዷን በአንድ ቀፎ ማር፤
አንዷን ደግሞ… እርሷ ትቆይ፣ ኋላ ነው የምትነገር።

ስልሳ ሲደርሱ አናጺው ሙሉሰው
ስልሳ ጉድጓድ ያለው ሳጥን ከዋንዛ ሠራልኝ፤
ውስጡን በፖስታ ቤት አረንጓዴ መጋረጃ
(የተጣለ ነው፣ አልሰረቅሁም) አለበስሁት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በር ዘግቼ እሞላለሁ።
አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ፣ ጥጥ እንደሚፈትል፣
ጥርስ በጥርስ ላይ ክርር… ክርር… እስኪል፤
ከዚያ ጆሮዬን ክዳኑ ላይ እጥላለሁ።
አትጠገብ ከጓዳ ሆና «ዋንዛውን ምስጥ ገባው!» ትላለች።
አንዱ ይቸኩላል፣ እንደ አዲስ ዲያቆን፤
አንዱ ይጎተታል፣ እንደ ደመወዝ ቀን።
ቀን የሚያሳዩትማ ጳጉሜን አያውቋትም፣
የኛን ዓመት ከጫፉ ሸርፈው ይሄዳሉ።
በክንድ ውዝዋዜ የሚሞሉትን
ሦስት ሦስቱን ከጋቢ ሥር አስሬ
ቅዳሜ ገበያ አወጣቸዋለሁ፣ እንደ በቅሎ ላናፍሳቸው።

«ሰዓትስ ሞልቶሃል፤ ጊዜ ነው ያጣኸው፤
ይኸው አጥራችንን የጎረቤት ላም ጣሰው።»

አጥሩን ሳላጥር ጣቴ ቀደመኝ።
ሪህ ነው አለ ሐኪሙ። አውራ ጣቴ እንቢ አለ፤
ሁለት እሑድ ሳይሞላ ሳጥኑ ዝም አለ፤
አንዱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንዱ ስምንት ከሩብ፣
ስልሳ ቦታ ቆመው፣ ፀብ እንደ በተነው ዕድር።

ሃያውን ሰዓት ጠጋኙ እንዳላማው ወሰደ፣ ለመለዋወጫ፤
ሆዳቸውን ሲከፍት አልቆየሁም፣ ወጣሁ።
ለረዳቱ ለምናለ ኦሪየንቷን ሰጠሁ፤
መናኸሪያ ላይ «አሁን ነው የምንወጣው!» እያለ የሚዋሸው
እንግዲህ እያየ ይዋሽ።
ሮመሯን ቢቸና ወስጄ ለእንየው ልጅ መለስሁ፤
ልጁ ደንግጦ ኪሱን ዳሰሰ፣ ያባቱን ብድር ሊከፍል።
የኔታ ግን እጃቸውን ሰበሰቡ፦
«እኔ በጥላዬ እግር ነው የምቆጥር፣
ሲደምን ደግሞ በራቤ።»
ቀሪዎቹ በየደረሱበት። ስም አልጻፍሁም።

ያቺ የቆየችው…
አማኑኤል ከተማ፣ ባሏ ከሞተባት ሴት፣ በሠላሳ ብር።
ሦስት መቶ እንደምታወጣ እያወቅሁ
መስታወቷን በጥፍሬ ጭሬ፣ ከንፈሬን መጥጬ።
በሃያ ሦስት ዓመቷ ይዤላት ሄድሁ፣ የጎደለውንም ጨምሬ።
እትዬ ትሁኔ ተቀበሉኝ፣ ገለበጧት፣ ወደ ብርሃን አቀረቧት፤
«ሠላሳዋን ብር አልረሳትም፤ ጨው ገዛሁባት፣ ደብተርም ለልጅ።
ሰዓቷን ግን አላውቃትም» ብለው መለሱልኝ።
ገንዘቡንም።
ይቅርታዬን እንደ ቋጠርሁት
አውቶቡስ ተሳፈርሁ፤ ግራ እጄ እስከ ማርቆስ ከበደኝ።

አሁን ያለችኝ እርሷ ናት። አልሞላትም።

ሳጥኑን አትጠገብ ወረሰችው፤
በየጉድጓዱ አንድ አንድ የነጭ ሽንኩርት ፍሬ
ለዘር አስቀመጠችበት፤ ስልሳ፣ ልክ በልኩ።
ትናንት እሑድ እጄን ልማድ መራውና ክዳኑን ከፈትሁ፤
የመጀመሪያው ጉድጓድ፣ የሮመሯ ቤት፣
ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ጫፍ አውጥቷል።

ማንም አልሞላውም።